ሙጫ የያዘው ወለል

ለወንድሜ ለሶንከ፣

እንደምን ሰነበትክ? ግራ ትከሻህስ እንዴት ነው? ቁርጭምጭሚትህስ? እንቅልፍህስ? ደብዳቤ በዚህ መጀመር ስላለበት ነው እንጂ የኔ መጠየቅ ምንም አይጨምርልህም። ትከሻህ በማክሰኞው የእጅ ኳስ ጨዋታ እንደታመመ፣ ቁርጭምጭሚትህ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ የክለቡ ሐኪም «የሚያሳስብ አይደለም» እንዳለ ጋዜጣው ከነፎቶው ነግሮናል። ጀርመን በሙሉ ስለ አንተ ትከሻ ያውቃል። ስለ እናትህ ትከሻ ግን የጻፈ ስለሌለ እኔ ልንገርህ፤ ቀኝ እጇን ከጆሮዋ በላይ ማንሳት አቅቷታል፤ ፀጉሯን የምታበጥርላት አክስታችን ዊብከ ናት። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ ማለቴ ነው።

በወረቀት የምጽፍልህ ስልክ ስለማታነሳ ነው። ባለፈው እሑድ ስደውል ያነሳችው ከወኪልህ ቢሮ የሆነች ሴት ነበረች። «ሶንከ አሁን ሐሳቡን መሰብሰብ አለበት፤ መልእክት ካለ ልቀበል» አለችኝ። ወንድሙ ነኝ አልኳት። «ወንድሙ ነኝ የሚሉ ብዙ ይደውላሉ» አለች፣ ያውም በትሕትና። ዘጋሁት። ወረቀት ወኪል የለውም። ፖስተኛው በርህ ድረስ ያመጣዋል፤ የእጅ ጽሕፈቴንም አንተ ታውቀዋለህ፤ የቤት ሥራዬን እየተመለከትክ «ይህን ዶሮ ነው የጻፈው?» ትለኝ ነበር።

ኋላ አልሰማሁም እንዳትል ጉዳዩን አስቀድሜ ልናገር። አባባ የሚቀበረው ቅዳሜ ነው። ይህ ሦስተኛው ቀጠሮ መሆኑን ታውቃለህ። የመጀመሪያው ቀን ለብሔራዊ ቡድኑ የነሐስ ሜዳሊያ አቀባበል ስለተደረገላችሁ ቀረ። ሁለተኛው ክለብህ ጨዋታ ስለነበረው፣ ከጨዋታውም በኋላ ለእርጎ ማስታወቂያ ፎቶ ትነሣ ስለነበር ቀረ። እስከዚያው አስከሬኑ ተቃጥሎ የአባባ አመድ በማሰሮ ሆኖ የቀብር አስፈጻሚው አቶ ብሮደርሰን ቤት፣ መደርደሪያ ላይ አንተን ይጠብቃል። አቶ ብሮደርሰን ጨዋ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም ባለፈው ሳምንት እማዬን በር ላይ ይዘው «ጌሼ፣ እኔ ሀርምን ከቤቴ አላስወጣውም፤ እንዲያውም ከደንበኞቼ ሁሉ ዝምተኛው እሱ ነው። ሕጉ ግን ከዚህ በላይ አያስጠብቀኝም» አሏት። ስለዚህ ቅዳሜ ይቀበራል፣ መጣህም ቀረህም። እማዬ ማሰሮውን ሁለቱ ልጆቹ ይዘውት እንዲሄዱ ትፈልጋለች። ይመጣ እንደሆነ ጠይቀው ብላ ያዘዘችኝ እሷ ናት። በምን ዓይነት ቃል እንደምጠይቅህ ግን አላዘዘችኝም።

አሁን የአገር ቤት ወሬ። ኖርደርቡል ውስጥ ትኖር በነበረበት ጊዜ እንዳሁኑ አልበዛህም ነበር። ዳቦ ቤቱ ፊትህን ከረጢቱ ላይ አትሞታል፤ ጠዋት ጠዋት ከአፍንጫህ ላይ ፍርፋሪ እያራገፍን ነው ቁርስ የምንበላው። ሱፐርማርኬቱ መግቢያ ላይ በቁመትህ ልክ የተቆረጠ ካርቶን እርጎ ይዞ ቆሟል። እማዬ ለለቀስተኛ የሚሆን ቡና ልትገዛ ገብታ ካርቶኑ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ «ወይዘሮ ፔተርሰን፣ ደስ አይልም? ሁልጊዜ አጠገብዎ ያለ ይመስላል» አለቻት። እማዬ «አዎ፣ ቁርጥ እሱን፤ ይሄም ሲያናግሩት አይመልስም» ብላ ቡናዋን ይዛ ወጣች። አባባ ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣው ሰው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ኬኩን ይቆርሳል፤ ከዚያ ዙሪያውን ይቃኝና «ለመሆኑ ሶንከ መቼ ነው የሚመጣው?» ይላል። አቶ ቲምሰን፣ መስኮታቸውን በኳስ የሰበርክባቸው ሽማግሌ፣ የሐዘን ካርድ ይዘው መጥተው ነበር። ካርዱን ስከፍተው ከውስጡ ያንተ ፎቶ ወደቀ። «እሱን እንኳ ለልጅ ልጄ እንዲፈርምልኝ ነው። ስሙ ቦይ ነው። ‹ለጀግናው ለቦይ› ብሎ ቢጀምርልኝ ደስ ይለዋል» አሉኝ። የሒሳብ አስተማሪያችን ወይዘሮ ሎረንሰን ደግሞ ከክፍል በኋላ አስቀርተውኝ «ኒስ፣ ጊዜው ከባድ ነው፤ ፈተናውን እናዘግይልህ» አሉ። ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት «ባለቤቴ የሶንከን ማሊያ ገዝቷል፤ እንዲያው አንድ ቀን ብቅ ካለ...» ብለው ጨረሱት። ፈተናውን በቀኑ ተፈተንኩ። ወድቄያለሁ።

ከሁሉ የባሰው ግን ላሰ ነው፤ ከኔ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጠው። ክፉ ልጅ አይደለም። ምሳ እየበላን «አንተ እኮ ዕድለኛ ነህ። የኛ አባቶች ሲሞቱ የሚሰማ የለም፤ ያንተ አባት በቴሌቪዥን ነው የሞተው» አለኝ። አልመታሁትም። ሳስበው የተናገረው እውነት ነው። አገሩ ሁሉ አባታችንን የሚያውቀው ክንድህ ላይ እንደታሰረ ጥቁር ፋሻ አድርጎ ነው። ሲሞት እዚያው አጠገብህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስላቸዋል።

አንተ እንዴት እንደሞተ ስላልጠየቅክ እኔው ልንገርህ። ማክሰኞ ጠዋት እሱ በሚጠብቀው የስፖርት አዳራሽ ውስጥ የተመልካቹን ወንበሮች ወደ ግድግዳው እየገፋ ሲያጥፍ ወደቀ። ለስፖርት ክፍለ ጊዜ የመጡ ሕፃናት ናቸው ያገኙት፤ የተኛ መስሏቸው ድምፅ ሳያሰሙ በዙሪያው ተቀምጠው ጠበቁት። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ረቡዕ ዕለት በአንድ ወገን አፉ ቢሆንም ይናገር ነበር። የሆስፒታሉን ወለል አይቶ ነርሷን «ይህን በምንድን ነው የምትወለውሉት? ሰው አዳልጦት አልጋ እንዲሞላላችሁ ነው?» ብሎ አሳቃት። ማታ ጨዋታህን አብረን አየን። ጎል ባገባህ ቁጥር ደህነኛውን እጁን ከብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ ከፍ ያደርግ ነበር።

ሐሙስ አእምሮው መሸሽ ጀመረ። በሩ በተከፈተ ቁጥር «ሶንከ ነው?» ይላል። ነርሷ ስትገባ «ሶንከ ነው?»፤ የጽዳት ሠራተኛው ሲገባ «ሶንከ ነው?»። እኔ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ እንኳ «ሶንከ ነው?» አለ። «ኒስ ነኝ አባባ» አልኩት። አየኝና «አዎ፣ ኒስ። በሩን ክፍት ተወው እንግዲህ፤ ኳሱን ይዞ ሲመጣ እንዳይቸገር» አለኝ። ለእኔ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ያንተን በር እንዳልዘጋ። ዓርብ ጠዋት ሞተ። ዓርብ ማታ አንተ ለግማሽ ፍጻሜው ተሰለፍክ።

ዓርብ ተሸነፋችሁ፤ እሑድ ግን ለነሐሱ ስትጫወቱ የመጨረሻውን ጎል አንተ አገባህና ጣትህን ወደ ጣሪያው ቀሰርክ። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ ድምፁ ተሰበረ። ከዚያ ማይክራፎን ፊት ቆመህ «አባቴ እንድጫወት ነበር የሚፈልገው» አልክ። በማግሥቱ ጋዜጣው ገጽ ሙሉ የሕይወት ታሪክህን አወጣ። በዐሥራ አምስት ዓመትህ ከኖርደርቡል ወጥተህ ትልቁ ክለብ አዳሪ ትምህርት ቤት መግባትህ፣ ገና አፍላ ጎረምሳ ሳለህ ለአንደኛው ሊግ መሰለፍህ፣ ወደ ደቡብ ተዛውረህ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን መሆንህ፣ ብሔራዊ ቡድኑ ያላንተ በግራ ክንፍ እንደማይበር፣ ሴቶች ሠርጋቸው ላይ እንድትገኝ እንደሚጽፉልህ። ሁሉም ልክ ነው። ርዕሱ ግን «ያለ ሙጫ ያደገው ልጅ» ይላል። ከሥሩ ያንተ ቃል ሰፍሯል፦ «ያደግኩት ሙጫ በተከለከለበት የመንደር አዳራሽ ነው። እጄ የጠነከረው ኳሱን በባዶ ጣት መያዝ ስለተማርኩ ነው። አባቴ የአዳራሹ ጠባቂ ነበር፤ ሕግ ሕግ ነው ይል ነበር።»

ሶንከ፣ እኔ የማላውቅ ይመስልሃል?

ኳሱ እጅ ላይ እንዲይዝ ጣት የሚቀባው ያ ሙጫ፣ ኳሱ ወለሉ ላይ ባረፈበት ሁሉ ጥቁር ማኅተም ትቶ ይሄዳል፤ አቧራ ይይዛል፤ ጫማ ይጎትታል። ማዘጋጃ ቤቱ «ሙጫ ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ የለጠፈው ለዚህ ነው። ትልልቆቹ ክለቦች ግን ሙጫ ሳይቀቡ ኳስ አይነኩም። በባዶ እጅ ብቻ የለመደ ልጅ እዚያ ሲደርስ ኳሱ ጣቱ ላይ ይጣበቅበትና እግሩ ሥር ይወረውረዋል። አባባ ይህን ስለሚያውቅ እሑድ እሑድ ጠዋት፣ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ወይም አልጋው ውስጥ ሳለ፣ በኋላው በር ያስገባህ ነበር። የሙጫውን ቆርቆሮ ራሱ ነበር የሚገዛልህ፤ ያውም እዚህ ሰው እንዳያየው ሌላ ከተማ ድረስ ነድቶ። አንተ ለመጠባበቂያ ጫማህ ተረከዝ ላይ ከለጠፍከው ሙጫ በጣትህ እየጫርክ፣ ከግራው ጥግ እየዘለልክ ስትወረውር በረኛ ሆኖ የሚቆምልህ እሱ ነበር፤ ፊቱን ስትመታው «ይሄ ጎል ነው ወይስ ግድያ?» እያለ። ስትጨርስ ሰውነትህን ታጥበህ ወደ ምሳ ትሮጣለህ። እሱ ይቀራል። በጉልበቱ ተንበርክኮ በምግብ ዘይትና በመፋቂያ ያንተን ማኅተም አንድ በአንድ ያነሳል፤ ከዚያ ዘይቱን በሳሙና፣ ሳሙናውን በውሃ። ሰኞ ጠዋት ማንም አያውቅም። እሑድ እሑድ አባባ ሰላጣ ሰላጣ ይሸት ነበር፤ ምሳውም ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ነበር የሚበላው።

ይህን ወሬ መጀመሪያ ስታወራው እሱን ለመሸፈን እንደነበር አውቃለሁ። ቢታወቅ ከሥራ ያባርሩት ነበር። አባባም ያኔ የወጣውን ጋዜጣ አንብቦ እስኪያስለው ሳቀና «ይኼ ልጅ ከኳስ ፖለቲካ ይሻለው ነበር» አለ። አሁን ግን ሞቷል። አንድን ሙት ከሥራ የሚያባርር ከንቲባ የለም። ያን እሑድ አገሩ ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶህ ነበር፤ «አባቴ ለኔ ሲል ሕግ አፍርሷል፤ ለኔ ሲል ተንበርክኮ ወለል ፍቋል» ማለት ትችል ነበር። አላልክም። ያለ ሙጫ ያደገ ልጅ ለዳቦ ከረጢት ይመቻል። ከፊትህ በታች ምን ተብሎ እንደተጻፈ ታውቃለህ? «በራሱ እጅ የጠነከረ»። በየቀኑ ቁርስ ላይ አነበዋለሁ።

ስለ ወለሉ ልንገርህ። የነሐሱ ዕለት የመንደሩ ክለብ አዳራሹ ውስጥ ትልቅ የማሳያ ሸራ ሰቅሎ ሕዝቡ ተሰብስቦ አየህ። እኔና እማዬ ቤት ነበርን፤ ጩኸቱ ግን እኛ ድረስ ይሰማል። ስታሸንፉ ልጆቹ ኳስ አወጡ፤ ከመሃላቸው አንዱ ሙጫ ይዞ ኖሯል። የሕፃናቱ አሠልጣኝ ዲርክ «ኧረ እናንተ ልጆች! ሰሌዳውን አታዩም?» ብሎ ሲጮህባቸው አንዲት ፍንጭት ልጅ ቀና ብላ «ሀርም እኮ ሞቷል» አለችው። ክልከላው የማዘጋጃ ቤቱ ሳይሆን የአባባ የግሉ ይመስላቸው ነበር፤ እሱ ሲሞት አብሮ የሞተ መሰላቸው። ዲርክ ራሱ እንደነገረኝ ከዚያ በኋላ ተዋቸው። ትልልቆቹም አልከለከሏቸውም፤ አልቅሰው፣ ቢራ ጠጥተው፣ ደስ ብሏቸው ነበር። ልጆቹ ተራ በተራ ካንተ ጥግ እየዘለሉ «ሶንከ! ሶንከ!» እያሉ ሲወረውሩ ዋሉ። ወለሉ እንደ ነብር ቆዳ ዥጉርጉር ሆኖ ቀረ። አባባ ሠላሳ ዓመት የጠበቀውን ወለል አንተን ለማክበር ብለው በአንድ እሑድ ጨረሱት።

አዲስ ጠባቂ እስካሁን አልተቀጠረም። ከቀብር በኋላ ቡናና ኬክ የሚቀርበው ደግሞ እዚያው አዳራሽ ነው፤ የሚመጣውን ሕዝብ የሚችል ሌላ ቤት የለም። እማዬ ሄዳ አየችውና «ሀርም በዚህ ወለል ላይ እንግዳ አይቀበልም» ብላ ተመለሰች። ስለዚህ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስወጣ እየተንበረከክኩ እፍቃለሁ። ሐሙስ ዕለት ከንቲባው መጡ። ጥቂት ቆመው አዩኝና «ተው ልጄ፣ ጉልበትህን አትጨርስ፤ ምንጣፍ እናነጥፍበታለን» አሉ። ቀጥለው ደግሞ ወደ ግራው ጥግ እያሳዩኝ «ይህንንማ ባትነካው ጥሩ ነው። የሜዳሊያው ቀን ማስታወሻ ነው እኮ። መስታወት እናልብሰው እያልን ነው፤ ጎብኚ ይመጣበታል» አሉኝ። «መስታወቱን ማን ይወለውለዋል?» አልኳቸው። ሰዓታቸውን አይተው ሄዱ።

እስከዚህ የጻፍኩት ትናንት ነው። እዚሁ ላይ «አትምጣ፤ ማሰሮው ለአንድ ሰው አይከብድም» ብዬ ልጨርሰው ነበር። ዛሬ ግን እማዬ ምን ብለህ ጻፍክለት አለችኝና አነበብኩላት። ሁሉንም፣ ክፉውንም ሳልዘል። ካርቶኑ ጋ ስደርስ ትንሽ ፈገግ አለች። ሆስፒታሉ ጋ ስደርስ «በቃ፣ አቁም» አለች። ከዚያ የማላውቀውን ነገረችኝ።

ረቡዕ ዕለት፣ ገና አእምሮው ሳይሸሽ፣ አባባ እኔን ብስኩት ግዛ ብሎ ልኮኝ እሷን «ለሶንከ እንዳትነግሪው» ብሏታል። «ከነገርሽው ጥሎ ይመጣል። ጥሎ ከመጣ ደግሞ እድሜ ልኩን ሲቆጨው ይኖራል። እየበላ ነው በይው።» ቃል አስገባት። ማታ አንተ ስትደውል «ደህና ነው፤ ሾርባ እየጠጣ ነው፤ ተጫወት» አለችህ። ሐሙስም ደወልክ። ሐሙስ ስምህን እየጠራ ሳለ፣ እሷ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፋ፣ ያንኑ ደገመችልህ፦ «ሾርባ እየጠጣ ነው።» ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። «ቁጣህን ሁሉ ለሱ ብቻ አትላክ። ግማሹን እዚህ ተወው፤ የኔ ድርሻ ነው» አለችኝ።

ደብዳቤውን ልቀደው አነሳሁት። እውነቴን ነው። ከዚያ ሾርባው ትዝ አለኝ።

አባባ ሾርባ አይጠጣም። ጉንፋን ሲይዘው እንኳ አይቀምስም ነበር። እማዬ ባቀረበች ቁጥር ሳህኑን ወደ ዊብከ እየገፋ «እኔ ጥርሴ አለ፤ ይህን ለሌለው ስጡ» ይል ነበር፤ ዊብከም በማንኪያዋ ትመታው ነበር። አንተ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ያደግከው። በዚያ ቀልድ ከኔ ይበልጥ የምትስቀው አንተ ነበርክ። «አውቀሽ ነው ሾርባ ያልሽው? እንዲገባው ብለሽ?» ብዬ እማዬን ጠየቅኋት። «እኔ እንጃ። ከአፌ የወጣው እሱ ነው» አለች።

እንግዲህ የምጠይቅህ ይህን ነው፤ ሌላው ሁሉ ይቅር። ሀርም ፔተርሰን ሾርባ እየጠጣ ነው ሲሉህ፣ ያውም በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ፣ ምንም አልመሰለህም? ወይስ ገብቶህ ያልገባህ መሆን ተመችቶህ ነው? የትኛው እንደሚብስ እኔም አላውቅም። መልሱን በስልክ አልፈልገውም፤ በወኪልህ በኩልማ ጨርሶ። ፊትህን እያየሁ ነው የምሰማው። ከረጢቱ ላይ ያለውን ፊት አይደለም።

ስለዚህ ቅዳሜ ሳይሆን ዓርብ ና። ቅዳሜ ካሜራ ይኖራል፤ ከንቲባው ይኖራሉ፤ ማሊያህን የለበሱ ልጆች በመቃብሩ መንገድ ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ፤ አቶ ቲምሰንም ያንተን ፎቶ ይዘው ይጠብቁሃል። በዚያ መሃል አንተን ማንም ሊያገኝህ አይችልም። ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ አዳራሹ ውስጥ ነኝ። የፊቱ በር ይቆለፋል። የኋላው በር ክፍት ነው፤ እንደታዘዝኩት። ሌላውን ወለል እስከ ሐሙስ እጨርሰዋለሁ፤ የግራውን ጥግ ግን አልነካሁትም፣ አልነካውምም። ለከንቲባው ብዬ አይደለም። ያ ያንተ ነው። ዘይት ገዝቻለሁ። መፋቂያ ሁለት አለ። አንደኛው የአባባ ነው፤ እጀታው አውራ ጣቱ ያርፍበት በነበረው ቦታ ጎድጉዷል። እሱን የምይዘው እኔ ነኝ። ላንተ ሌላው ይበቃሃል። ለትከሻህ እንደማይስማማ ሐኪምህ ሊነግርህ ይችላል።

ካልመጣህ አባባን ብቻዬን እሸከመዋለሁ። ጥጉም እንዳለ ይቆያል፤ ምንጣፉንም አላስነጥፍበትም። ሰዉ ኬኩንና ቡናውን ይዞ በዚያ ሲያልፍ የለቅሶ ጫማው ሁሉ ጭርቅ፣ ጭርቅ እያለ ከወለሉ ይላቀቃል። ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። የእሑዱን በር፣ ቆርቆሮውን፣ ዘይቱን፣ የቀዘቀዘውን ምሳ፣ ሾርባውን። ያለ ሙጫ ያደገውን ልጅ ታሪክ ያን ቀን ኖርደርቡል በጫማው ይሰማዋል።

ለባለቤትህ ለፍራንሲስካ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከችው አበባ ደርሷል፤ እማዬ ውሃውን በየቀኑ ትቀይርለታለች። ልጅህን፣ ትንሿን ኤልዘን፣ ሳምልኝ፤ ፎቶዋ እስካሁን በአባባ ቢሮ የቁልፎቹ ሰሌዳ ላይ ተሰክቷል፤ ያወረደው የለም። ውሻችሁንም ጆሮውን እከኩልኝ፤ እሱ ምንም አላጠፋም። አክስት ዊብከ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣልና ቆብህን እንዳትረሳ ብላለች። ዲርክ «ልጆቼን አልገሠጽኳቸውም፤ አንተ መጥተህ ገሥጽልኝ» ብሎሃል። እማዬ ትስምሃለች። አጥብቄ እንድጽፈው ስላዘዘችኝ ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ እማዬ ትስምሃለች።

የኔ ሰላምታ በፖስታ አይላክም። ዓርብ በኋላው በር ከገባህ፣ እጄ ዘይት ቢሆንም እጨብጥሃለሁ።

ወንድምህ ኒስ

ኖርደርቡል፣ ሰኞ ፌብሩዋሪ 19 ቀን